በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ለዕደ ጥበብ ሥራ የሚሆኑ ግብዓቶች፦ የት ይገኛሉ? እንዴትስ በተመጣጣኝ ዋጋ ይገዛሉ?

መግቢያ

በሆለታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ከተሞች የሚኖሩ በርካታ ወገኖች ከስፌት፣ ከሽመና፣ ከጥልፍ፣ ከዳንቴል፣ ከሸክላ፣ ከሻማና ከቆዳ ሥራ በሚያገኙት ገቢ ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ ወይም የቤታቸውን ወጪ ይደጉማሉ። በሥራው ላይ የተሰማሩትም ሆኑ አዲስ ለመጀመር ያሰቡት የሚያነሱት ተቀዳሚ ጥያቄ ጥሩ ግብዓት በተመጣጣኝ ዋጋ የት ይገኛል የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ጥያቄ ምላሽ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ግብዓት ከመኖሪያ ሰፈር ሳይርቁ የሚገኝ ሲሆን፣ አንዳንዱን ግን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መግዛት የግድ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ባለሙያ በደጁ ያለውን ዕቃ ከመርካቶ በውድ ይገዛል፤ ከመርካቶ መምጣት ያለበትን ደግሞ በችርቻሮ ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ትርፉ በግብዓት ዋጋ ተበልቶ ያልቃል። የዕደ ጥበብ ባለሙያ ትርፍ የሚወሰነው ዕቃውን በሸጠበት ዋጋ ብቻ ሳይሆን ግብዓቱን በገዛበት ቦታ፣ ወቅትና መጠን ጭምር ነው።

1. ከግዥ በፊት ወጪን ስለ ማስላት

የግብዓት ዋጋ ማለት ለነጋዴው የተከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የመጓጓዣ ወጪ፣ ለግዥ የባከነ የሥራ ቀን፣ በመንገድና በቤት የተበላሸ ዕቃ እንዲሁም ከጥራት ጉድለት የተነሳ የሚጣለው ክፍል ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይገባሉ።

ለስሌት ያህል ብቻ የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ሰው የደርሶ መልስ መጓጓዣ 200 ብር ቢሆንና ባለሙያዋ 2 ኪሎ ግራም ክር ገዝታ ብትመለስ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 100 ብር ተጨማሪ ወጪ ያርፋል። አምስት ባለሙያዎች ተራ እየገቡ አንዷ ለሁሉም 10 ኪሎ ግራም ብትገዛ ግን በኪሎ የሚታሰበው የመጓጓዣ ወጪ ወደ 20 ብር ዝቅ ይላል፤ አራቱም የሥራ ቀናቸውን አያባክኑም። በጅምላ በመግዛት የሚገኘው የዋጋ ቅናሽ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ስለሆነም እያንዳንዱ ባለሙያ በአንድ ደብተር ላይ ለአንድ መሶብ፣ ለአንድ ነጠላ ወይም ለአንድ ቦርሳ ምን ያህል ግብዓት እንደሚያስፈልገው መመዝገብ ይኖርበታል። የሚፈለገው መጠን ከታወቀ ከሚገባው በላይ መግዛትም ሆነ ሥራ መሀል ላይ ግብዓት አልቆ መቆም አይኖርም።

2. በየከተማው አቅራቢያ የሚገኙ ግብዓቶች

2.1 የስፌት ሳር

መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሌማት፣ እንቅብና ሙዳይ ለመሥራት የሚያገለግሉት ዋና ዋና ሳሮች ስንደዶና አክርማ ናቸው። ሁለቱም በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች በመንገድ ዳር፣ በአጥር ሥርና በግጦሽ መሬት ዳርቻ ይበቅላሉ። ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከጳጉሜን እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ወቅቱ ካለፈ አገዳው ስለሚደርቅና ስለሚሰባበር ለስፌት አይመችም። በመሆኑም የዓመቱን ፍላጎት በዚህ ወቅት ሰብስቦ ወይም ከሰብሳቢዎች ገዝቶ በጥላ ሥር ማድረቅና ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ቁጠባ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ለመግዛት የሚወጣ ሰው ግን ለዚያው ሳር የወራት ማከማቻውን ዋጋ ጭምር ይከፍላል።

ሳሩ በሚሰበሰብበት ጊዜ የመሬቱን ባለይዞታ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በተለይ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ለድርቆሽ የሚጠበቅ ሳር የገበሬው የዓመት ገቢ በመሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ገብቶ መንቀል ጠብ ያስነሳል። ከባለይዞታው ጋር አስቀድሞ በመነጋገር የስፌቱ ሳር ከድርቆሹ አጨዳ በፊት እንዲነቀል መስማማት ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል።

አለላ ለማዘጋጀት የሚያገለግለው የዱቄት ቀለም በየከተማው የገበያ ቀን በጥቂት መጠን ይሸጣል። ብዙ የሚሰፉ ባለሙያዎች ግን በጋራ ቢገዙት ይረክስላቸዋል። ቀለም የተፈላበት ድስት ለምግብ ማብሰያነት መዋል የለበትም። እንጀራ ወይም ዳቦ በሚነካው የመሶብና የሌማት ክፍል ላይ ደግሞ ያልተቀለመ ሳር መጠቀም ይመከራል።

2.2 ሰም

ሆለታና አካባቢዋ በንብ እርባታ የምትታወቅ ስትሆን፣ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የንብ ምርምር ማዕከልም በዚሁ ከተማ ይገኛል። ለሻማ፣ ለጧፍ፣ ለቆዳ ማለስለሻና ለእንጨት መወልወያ የሚሆን የንብ ሰም ለማግኘት ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከንብ አናቢዎች በቀጥታ መግዛት ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ መግዛት ነው። ጠጅ የሚጣለው ካልተጣራ ማር በመሆኑ ሰሙ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ይህም ሰፈፍ ይባላል። በሀገራችን ለገበያ ከሚቀርበው ሰም አብዛኛው የሚሰበሰበው በዚህ መንገድ ነው።

ሰፈፍን ለማጣራት ከውኃ ጋር ቀላቅሎ በዝግታ ማሞቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለልና ሳይነቀንቁ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። ሰሙ ከላይ ሲረጋ ቆሻሻው ከሥሩ ይቀራል። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ሰም ተቀጣጥሎ ከፍተኛ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ሰሙ ያለበትን ዕቃ በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ግዴታ ነው። የብረትና የመዳብ ድስት የሰሙን መልክ ያጠቁረዋል፤ የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ያለው ዕቃ ይመረጣል።

2.3 የሸክላ አፈር

ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድና ገንቦ የሚሠሩ ባለሙያዎች አፈሩን የሚያገኙት ከቁፋሮ ነው። በየአካባቢው ያሉ ነባር ሸክላ ሠሪዎች የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅና የትኛው እንደሚጸና ስለሚያውቁ፣ ጀማሪ ባለሙያ በራሱ ከመቆፈሩ በፊት የተዘጋጀ አፈር ከእነርሱ ቢገዛ ብዙ ኪሳራ ይድናል። የተሰበረ ሸክላ ወይም ገል መጣል የለበትም። ገል ተወቅጦና ተነፍቶ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ዕቃው በሚደርቅበትና በሚተኮስበት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ይህ ያለ ምንም ክፍያ የሚገኝ ግብዓት ነው።

የቁፋሮ ቦታ ከመንገድ፣ ከወንዝ ዳርቻና ከመኖሪያ ቤት የራቀ መሆን ይኖርበታል። በማኅበር የተደራጁ ሸክላ ሠሪዎች ቋሚ የአፈር ማውጫ ቦታ እንዲፈቀድላቸው ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ።

2.4 እንጨትና ቀርከሃ

በአራቱም ከተሞች ዙሪያ ባሕር ዛፍ በብዛት ስለሚገኝ ለመጥለፊያ ዘንግ፣ ለሥዕል ክፈፍና ለሸማ መሣሪያ የሚሆን ቀጭን እንጨት ከባለይዞታ ገበሬዎች መግዛት ይቻላል። ከቤት ዕቃ አምራቾች የሚወጣ ቁርጥራጭ ጣውላ ለጌጣጌጥ፣ ለመጫወቻና ለቁልፍ መያዣ ሥራ ይውላል፤ ሰጋቱራውም ሸክላ ለመተኮስ ያገለግላል። አምራቾቹ ቁርጥራጩን የሚያስወግዱበትን ቀን ጠይቆ በዚያው ቀን መገኘት ጠቃሚ ነው።

የደጋ ቀርከሃ በምዕራብ ሸዋ በጅባት አካባቢ፣ በአዊ በእንጅባራ ዙሪያ፣ በሲዳማና በጋሞ ደጋማ ቦታዎች ይበቅላል። የሚገዛው ቀርከሃ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለጋ ቀርከሃ ርካሽ ቢመስልም ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ በነቀዝም በፍጥነት ይበላል። የደረሰ ቀርከሃ ቅርፊቱ የጠነከረ፣ አረንጓዴነቱ የደበዘዘና ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው። በበጋ የተቆረጠው በክረምት ከተቆረጠው ይልቅ ነቀዝን ይቋቋማል።

2.5 የፋብሪካና የልብስ ስፌት ተረፈ ምርት

ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ባለው መስመር የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ፋብሪካዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ የሚወጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የተረፈ ክርና ጥቂት እንከን ያለበት ብትን ጨርቅ ለምንጣፍ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለአሻንጉሊትና ለቦርሳ ሥራ ይሆናል። ፋብሪካዎች ተረፈ ምርታቸውን ብዙውን ጊዜ በጅምላ ስለሚያስወግዱ አንድ ሰው በግሉ ኪሎ ሁለት ኪሎ ለመግዛት ቢጠይቅ ላይሳካለት ይችላል። በማኅበር ስም የተጻፈና የሚፈለገውን ዓይነት፣ መጠንና የሚነሳበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ ማቅረብ የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

በየሰፈሩ ካሉ ልብስ ሰፊዎችም ብጣሽ ጨርቅ በትንሽ ክፍያ ወይም በነጻ ማግኘት ይቻላል። ከሳልባጅ ገበያ የሚገዛ የሱፍ ሹራብ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ተጠቅልሎ ለሹራብና ለኪሮሽ ሥራ የሚሆን ጥሩ ክር ይወጣዋል። በሚመረጥበት ጊዜ ስፌቱ በእጅ የሚፈታ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል፤ ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ሹራብ ሲፈታ ክሩ ይበጣጠሳል።

በሆለታ፣ በሰበታና በሱሉልታ አካባቢ ካሉ የአበባ እርሻዎች የሚወጣ ተረፈ አበባ ለደረቅ ጌጥ ሊያገለግል ቢችልም የጸረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ሊኖረው ስለሚችል በጓንት መያዝ አለበት፤ ለሕፃናት መጫወቻና ከምግብ ጋር ለሚነካካ ዕቃ አይውልም። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካንና በርሜል ግን ታጥቦም ቢሆን ለማንኛውም የዕደ ጥበብ ሥራ መዋል የለበትም።

3. ከአዲስ አበባ የሚገዙ ግብዓቶች

3.1 ሽሮ ሜዳ

በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል አልባሳት ገበያ በመባል ይታወቃል። በአካባቢው ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለረጅም ዘመን ሲሠሩበት ቆይተዋል። ድር፣ ማግ፣ የጥለትና የጥልፍ ክር፣ ወርቀ ዘቦ እንዲሁም ሽመናው ያለቀ ጥበብ በዚህ ይገኛል። ለጀማሪ ባለሙያ የሽሮ ሜዳ ዋነኛ ጥቅም ክሩንና በዚያው ክር የተሠራውን ልብስ ጎን ለጎን ማየት መቻሉ ነው፤ የክሩ ውፍረትና ቀለም በጨርቅ ላይ ምን እንደሚመስል ሳይገዙ መመርመር ይቻላል። የገበያው ፍላጎት ከአዲስ ዓመት፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለሚጨምር ግዥውን ከእነዚህ ጊዜያት ውጪ ማድረግ ይመረጣል።

3.2 መርካቶ

የመርካቶ ገበያ በተራ የተከፋፈለ በመሆኑ የሚፈለገውን ተራ አስቀድሞ ማወቅ ጊዜንና ገንዘብን ይቆጥባል። ድር ተራና ሸማ ተራ ስማቸውን ያገኙት ከክርና ከሀገር ልብስ ንግድ ሲሆን፣ በእነዚህና በአካባቢያቸው ክር፣ አቡጀዴ፣ ብትን ጨርቅ፣ ቁልፍና ዚፕ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል። ምን አለሽ ተራ ደግሞ አገልግሎት የሰጠ ዕቃ በአዲስ መልክ የሚሠራበት ቦታ ነው። ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ ብረት፣ በርሜል፣ ጠርሙስና አሮጌ ጎማ እዚያ ይገኛሉ። ለብረት ጌጣጌጥ፣ ለመብራት ማቀፊያና ለአበባ ማስቀመጫ የሚሆን ግብዓት የሚፈልግ ባለሙያ አዲስ ብረት ከመግዛቱ በፊት ይህን ተራ ቢጎበኝ ይጠቀማል። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አሮጌው ነገር ለምን ለምን ሊውል እንደሚችልም ያያል።

ለቆዳ ሥራ የሚሆን ቁርጥራጭ በመርካቶ ዙሪያ ካሉ የጫማና የቦርሳ አምራቾች በኪሎ መግዛት ይቻላል። ለቁልፍ መያዣ፣ ለቀበቶ ማስጌጫና ለገንዘብ ቦርሳ ሙሉ ቆዳ መግዛት አያስፈልግም። በክሮም የለፋ የቆዳ ቁርጥራጭ ሲቃጠል ለጤና ጎጂ የሆነ ጭስና አመድ ስለሚያወጣ ለማገዶ መጠቀም አይገባም።

3.3 የጉዞ አቅጣጫ

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአምቦ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከሆለታና ከቡራዩ የሚነሳ ተገልጋይ በአስኮ በኩል ስለሚገባ መርካቶ ይቀርበዋል። ከሱሉልታ የሚመጣ በአዲሱ ገበያ በኩል ስለሚወርድ ሽሮ ሜዳን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ከሰበታ የሚነሳ ደግሞ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል ገብቶ ወደ መርካቶ ያመራል። በአራቱ ከተሞች ያሉ ባለሙያዎች እርስ በርስ ቢተዋወቁ ሰም ከሆለታ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሰበታ፣ የጥለት ክር ደግሞ በሱሉልታ ባለሙያዎች በኩል ከሽሮ ሜዳ እየተለዋወጡ መጠቀም ይችላሉ።

4. የግብዓት ጥራት መለያ ዘዴዎች

ርካሽ ዕቃ ሁሉ አዋጭ አይደለም። የሚከተሉት ዘዴዎች ያለ ልዩ መሣሪያ በገበያ ላይ ወይም በቤት ውስጥ ሊፈጸሙ ይችላሉ።

ጥጥ፦ ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ በኪሎ ርካሽ መስሎ ይታያል። ሆኖም ከተዳመጠ በኋላ የሚቀረው ንጹሕ ጥጥ ከጠቅላላው ክብደት ከሲሶ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሬ ያለውን ጥጥ ከተዳመጠው ጋር በዋጋ ሲያነጻጽሩ ይህን ማስላት ይገባል። ጥጥ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈውና ባዘቶ አድርገው የሚፈትሉ እናቶች ልቃቂቱን ለሸማኔ ሲያቀርቡ ግብዓቱ ራሱ የገቢ ምንጭ ይሆናል።

ክር፦ ጥቂት ክር ቆርጦ በጥንቃቄ በእሳት መለኮስ ዓይነቱን ያሳያል። የጥጥ ክር እንደ ወረቀት ተቃጥሎ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሙከራው ከሌሎች ክሮችና ጨርቆች ርቆ መደረግ አለበት።

ቀለም፦ የተቀለመን ክር ወይም አለላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ማሸት በቂ ነው። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከተላለፈ በሚታጠብበት ጊዜ ሌላውን ሥራ ያበላሻል።

ሰም፦ ንጹሕ የንብ ሰም የማር ሽታ አለው፤ ሲሰበርም ፊቱ ደቃቅ ፍርፍር ያለ ይሆናል። ሲዳሰስ የሚያንሸራትትና ቅባት የሚበዛበት፣ የማር ሽታም የሌለው ሰም ሞራ ወይም የሻማ ፓራፊን ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል።

የስፌት ሳር፦ ሲታጠፍ የማይሰበር፣ ነጠብጣብና ሻጋታ የሌለው፣ ቁመቱም ተመሳሳይ የሆነ ይመረጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ወቅት ሳር፣ ቆዳና ክር ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አየር በሚያገኝ ቦታ መቀመጥ አለባቸው።

5. ማወቅ የሚገባ ሕግና ሥርዓት

ከደን የሚገኝ ግብዓት፦ በሆለታና በሰበታ መካከል የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ይህን የመሰለው የተጠበቀ ደን የግብዓት መሰብሰቢያ አይደለም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን ዛፍ መቁረጥንና የደን ውጤት ማውጣትን ይከለክላል። ቀርከሃና ጣውላ ከሩቅ የሚያመጡ ባለሙያዎች የምርቱን ምንጭና የማጓጓዣ ፈቃድ የሚያሳይ ሰነድ ከሻጩ መቀበል አለባቸው። ሰነድ የሌለው ርካሽ እንጨት በኬላ ላይ ሲያዝ ኪሳራው የገዢው ነው።

ደረሰኝ፦ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ባለሙያ ለግብዓት ያወጣውን ወጪ ለግብር ስሌት ለማቅረብ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ከገበሬና ከግለሰብ የሚገዛ ሳር፣ ሰፈፍና አፈርን በተመለከተ ደግሞ ቀኑን፣ መጠኑንና የተከፈለውን ገንዘብ ጽፎ መያዝና ስለ አያያዙ የአካባቢውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

የሸማች መብት፦ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ዕቃውን በማየቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ነጋዴ ግን በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለማይካተት በጅምላ ሲገዛ ናሙና ማየት፣ የሚረከበውን ዓይነትና መጠን በጽሑፍ ማስፈር ይጠበቅበታል።

6. የመንግሥት ድጋፍና አገልግሎት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ስለተካተቱ የእነዚህ አካባቢዎች ነዋሪዎች አገልግሎት የሚጠይቁት በሚኖሩበት ክፍለ ከተማና ወረዳ ነው። የሆለታ ነዋሪዎች ደግሞ ጥያቄያቸውን ለከተማው አስተዳደር ያቀርባሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ቅጾችና ደብዳቤዎች በዚሁ ቋንቋ ይዘጋጃሉ፤ በቋንቋው መጻፍ የማይችል ተገልጋይ የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ እገዛ መጠየቅ ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ አገልግሎቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) መደራጀትና መመዝገብ፦ በሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል በግል ወይም በማኅበር ተመዝግቦ መሥራት ይቻላል። መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስቀድሞ ማዘጋጀት ምልልስን ይቀንሳል። የተመዘገበ ማኅበር ከፋብሪካ ተረፈ ምርት ለመግዛት፣ የአፈር ማውጫ ቦታ ለመጠየቅና በጨረታ ለመወዳደር የሚያስችል ሕጋዊ ሰውነት ይኖረዋል።

ለ) ሥልጠናና የብቃት ምዘና፦ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በልብስ ስፌት፣ በእንጨት፣ በብረታ ብረትና በሌሎች ሙያዎች አጫጭር ሥልጠናዎችን ይሰጣሉ። በልምድ የተገኘ ሙያም በምዘና ተረጋግጦ የምስክር ወረቀት ሊያሰጥ ይችላል። ስለ ሰም አያያዝ ማወቅ የሚፈልጉ ደግሞ በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ወይም በአካባቢያቸው የግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

ሐ) ብድርና የመሣሪያ ኪራይ፦ የልብስ ስፌት ወይም የጥልፍ ማሽን ለመግዛት የገንዘብ አቅም የሌላቸው ባለሙያዎች ከኦሮሚያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ማሽኑን በኪራይ ግዥ ለመውሰድ ማመልከት ይችላሉ። በዚህ አሠራር ማሽኑ ክፍያው ተጠናቅቆ እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ሆኖ ይቆያል። ለግብዓት መግዣ የሚሆን ብድር ከስንቄ ባንክና ከሌሎች የገንዘብ ተቋማት መጠየቅ ይቻላል። ከመበደር በፊት በክፍል 1 የተገለጸውን ስሌት ማከናወን ይገባል፤ ዓመት የማይሸጥ ዕቃ ለመሥራት በብድር ግብዓት ማከማቸት አይመከርም።

መ) የማምረቻና የመሸጫ ቦታ፦ ለተደራጁ ማኅበራት የሚሰጥ የማምረቻ ሼድና በበዓላት ዋዜማ የሚዘጋጅ ባዛር ካለ ስለ ተራውና ስለ መስፈርቱ ከጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ መከታተል ያስፈልጋል።

ለማንኛውም አገልግሎት የሚፈጸም ሕጋዊ ክፍያ በደረሰኝ ብቻ ይከፈላል። ጉዳይ አስፈጽማለሁ ለሚል ደላላ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

7. ለሥራ መነሻ የሚሆን ሐሳብ የሚገኝበት

ግብዓት ብቻውን ገበያ አያመጣም። ሁሉም አንድ ዓይነት መሶብና አንድ ዓይነት ጥለት በሚያቀርብበት ገበያ ዋጋ ይወድቃል። ስለሆነም ባለሙያዎች የቀደሙትን ሥራዎች ማየት ይጠቅማቸዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተሰበሰቡ የስፌት፣ የሸክላ፣ የቆዳ፣ የእንጨትና የአልባሳት ሥራዎችን ይዟል። በቅርብ ርቀት በአምስት ኪሎ የብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደ ስድስት ኪሎ ስለሚያደርስ የግዥውን ቀንና የጉብኝቱን ቀን አንድ ማድረግ ይቻላል። በቀጨኔ አካባቢ ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶችና ሸማኔዎችም ሥራቸውን በሚሠሩበት ቦታ መመልከት ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሌላን አካባቢ ጥለት ወይም የስፌት ንድፍ የሚከተል ባለሙያ ምንጩን ለገዢው መንገር አለበት። ይህም የባለቤቱን ማኅበረሰብ ማክበር ከመሆኑም በላይ ገዢው በዕቃው ላይ ያለውን እምነት ይጨምራል።

ማጠቃለያ

የስፌት ሳር በወቅቱ፣ ሰፈፍ ከጠጅ ቤት፣ ብጣሽ ጨርቅ ከልብስ ሰፊ፣ ገል ከወደቀበት፤ ክር ከሽሮ ሜዳና ከመርካቶ በጋራ። በዚህ መልኩ ግብዓቱን የሚያሰባስብ ባለሙያ ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚተርፈውን ገንዘብ ያውቃል፤ ገዢ ዋጋ ሲጠይቀውም እስከ የት ድረስ መቀነስ እንደሚችል በእርግጠኝነት ይናገራል። በመሆኑም ተገልጋዮች የመጀመሪያውን እርምጃ በሦስት ነገሮች እንዲጀምሩ ይመከራል፦ ለአንድ ዕቃ የሚያስፈልገውን ግብዓት መዝግቦ መያዝ፣ በሰፈር ካሉ የሙያ ጓደኞች ጋር የጋራ ግዥ ተራ ማውጣት እንዲሁም በሚኖሩበት ከተማ ወይም ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው የሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርቦ መመዝገብ።